ተራሽ ነው

ማመን አለማመን የናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ነበርኩበት።

በ1977 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ። ጀጎል ውስጥ፣ ቤታችን።

ወጣቱ ለውትድርና እየታፈሰ ነበር። ወንድሜ ሳኒ ኪርታት ውስጥ ከተደበቀ ሦስት ቀኑ ነው። ኪርታት ድሮ ሙሽሮች የሚሸሸጉባት፣ መጋረጃ ያላት ጠባብ ክፍል ናት።

እናታችን ሐዋ ገበያ፣ ጊደር መጋላ፣ ሄዳለች። እኔ ነደባው ላይ፣ ማለት ምንጣፍ በተነጠፈበት መደብ ላይ፣ ተቀምጬ ስፌት እሰፋለሁ። ከሳኒ ጋር በሹክሹክታ እንጫወታለን።

ጨዋታውን ያስተማረችን አንዲት ጃፓናዊት ነርስ ናት። ሳኒ ልጅ ሆኖ እግሩ ተሰብሮ በተኛ ጊዜ ነው። አንዱ ቃል ይጠራል፤ ሌላው ቃሉ ባለቀበት ፊደል የሚጀምር ቃል ይመልሳል። በ«ን» የሚያልቅ ቃል የጠራ ተሸነፈ። በእነሱ አገር በ«ን» የሚጀምር ቃል የለም አሉ። እኛ ንብም ንጉሥም አለን፤ ሕጉን ግን አልነካነውም።

አንድ ሕግ ከራሳችን ጨመርን። የተሸነፈ ኪርታት ይገባል። ያሸነፈ ወጥቶ ነደባው ላይ ይቀመጣል።

«በር» አልኩ።

«ርግብ...»

«ብርድ።»

«ድመት...»

ሳኒ ችኩል ነው፤ ሦስት ቃል ሳይሞላ ይሸነፍ ነበር። ዛሬ ግን አይቸኩልም።

«ጀግና ሆነሃል» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቀም...

ሦስት ቀን ሙሉ ሲስል ነበር። ዛሬ አንዴም አልሳለም። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ሳሉ ያስይዘዋል ብዬ ነፍሴ አልነበረችም።

ምሳውንም በመጋረጃው ሥር ያስገባሁለት እኔ ነኝ። ሳህኑ ተልሶ ወጣ። ሳኒ በሕይወቱ ሳህን ልሶ አያውቅም።

«ትራስ» አልኩ።

«ስልክ...»

ድምፁ ከወለሉ አጠገብ መጣ።

«ክር» ከማለቴ የግቢው በር ተንኳኳ። አሁን ወንድሜን ወሰዱት!

የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ ሽፈራው ገባ። ሁለት ታጣቂዎች በሩ ላይ ቆሙ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከ... ከራሴ ጋር ነው፣ ጋሽ ሽፈራው።»

መጋረጃውን ገልጦ ጎንበስ ብሎ ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቆየ... በጣም ቆየ።

ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማንም የለም!» ብሎ ለታጣቂዎቹ ጮኸ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ልጄ... ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ‹ርስት› ብለዋል። ተራሽ ነው።»

ሄዱ።

በቤታችን ሽማግሌ የለም። አባቴም አያቴም ሞተዋል።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ገባች። ተንጠልጥዬባት «ሳኒ...» አልኩ።

«ቀስ በይ! ሳኒ ከከተማ ወጥቶ ሶፊ ገብቷል። ጎህ ሳይቀድ ከጫት ጫኞች ጋር ሸኘሁት። ያልነገርኩሽ ቢመቱሽ እንዳታወጪ ብዬ ነው።»

«ታዲያ... ምሳውን ማን በላው?»

እናቴ ባዶውን ሳህን አየች።

«ስታስገቢ ቢስሚላሂ ብለሻል?»

አላልኩም። እንዳይሰሙን ፈርቼ፣ ከንፈሬን እንኳ ሳላንቀሳቅስ ነበር የገፋሁት። ያለ ቢስሚላሂ የቀረበን ምግብ ጂን እንደሚካፈለው በኛ ቤት ሕፃን ልጅም ያውቃል።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ በሳኒ ድምፅ...

«ተራሽ ነው።»

እናቴም ሰማች። «አዑዙ ቢላሂ!»

እንዲያበቃ ፈለግሁ። እንዲያበቃ ብቻ! አፌ ላይ የመጣልኝን ወረወርኩ።

«ትኋን!»

ተሸነፍኩ። ጨዋታው አለቀ ብዬ ተነፈስኩ።

ከዚያ ነው የራሳችን ሕግ ትዝ ያለኝ...

መጋረጃው ከውስጥ ወደ ውጭ ተገፋ።

እናቴ እጄን ይዛ በባዶ እግራችን ሮጥን። በሩ ላይ ስንደርስ ዞር አልኩ። ምነው ባልዞርኩ።

ነደባው ላይ ማንም አይታይም። እኔ የነበርኩበት ቦታ ግን ምንጣፉ ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል። ጥዬው የተነሳሁት ስፌት ከፍ ብሎ አየር ላይ ቆሟል።

ወስፌው ይገባል... ይወጣል።