የሾፌሩን ቢላ ማን ሳለው?

አለቃ ከትልቁ ዛፍ ሥር በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ።

ዛፉ ላይ የታሰረው የአደን ማማ ላያቸው ላይ ተሰባብሯል። አንድ እግራቸው እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ከጆሯቸው የወረደው ደም አንገታቸው ላይ ረግቷል።

ገና እየነጋ ነበር።

መጀመሪያ ያያቸው ባለሽንኩርቱ ነው። እሱም የሄደው ከርከሮ ማሳውን ምን ያህል እንዳበላሸበት ሊያይ እንጂ ለሰውየው ተጨንቆ አይደለም። "ሞቱ! ኧረ ሞቱ!" እያለ ሮጠ። አሁን ሰው ሞተ ብሎ አገር ከማሸበር በፊት ጎንበስ ብሎ ትንፋሽ ማዳመጥ ምን ያቅታል? አላዳመጠም።

ያዳመጠው የልጃቸው ባል ነው። ጆሮውን አፍንጫቸው ላይ ለጠፈ።

"አሉ!" አለ። "አባባ አሉ! መኪና አምጡ!"

በባለሽንኩርቱ ፒክአፕ ጭነው ሆስፒታል አደረሷቸው። ሐኪሞቹ ጭንቅላታቸውን ጠቀለሉ፤ እግራቸውን ጠገኑ። ይነቁ አይነቁ ግን ማንም እርግጡን አልተናገረም።

አለቃ የአዳኞቹ መሪ ናቸው። ማን የት ይቀመጥ፣ ማን ይተኩስ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ማማው ላይም ጎህ ሲቀድ ቀድመው የሚወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን የማያውቅ አዳኝ የለም።

ያን ዕለት አብረዋቸው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የልጃቸው ባል፣ የአውቶቡስ ሾፌር፤ አደን ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አብሯቸው ያደነ ጓደኛቸው ነው። "ጉልበቴን፣ ወይኔ ጉልበቴን" ማለት ስለማይሰለቸው ሁሉም ጉልበቴ ይለዋል። ሦስተኛው ከርከሮውን ግደሉልኝ ብሎ የጠራቸው ባለሽንኩርቱ ነው።

ሳጅኗ መጣች። አጭር ሴት ናት። ሰው ሲዋሽ ስትሰማ ጥፍሯን እያየች ዝም የማለት አመል አላት። ዝምታዋን ጠልቶ የማይለፈልፍ የለም።

ማማውን ከዛፉ ያሰረውን ሰማያዊ የናይለን ገመድ አንስታ አየችው። አልበሰበሰም። ተቆርጧል። ያውም ግማሹ ብቻ፤ ሰው ሲወጣበት ሌላው ግማሽ እንዲበጠስ። የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ ተንጨፍርሯል። ስለት እንደዚያ አያንጨፈርርም። መጋዝ ነው።

"መጋዝ ያለው ማነው?" አለች።

ባለሽንኩርቱ ሾፌሩን አየው። ጉልበቴ መሬት መሬት አየ።

የሾፌሩ ቢላ ከጀርባው ጥርስ አለው። አፎቱን ስታራግፈው ሰማያዊ ክር ብን ብሎ ወደቀ።

ሾፌሩ በካቴና ሄደ።

ይህ ቢላ እንዴት እንደተገዛ ሳይነገር አይታለፍም። አለቃ ለልጃቸው ባል አንድ በአንድ ነግረውት ነበር። "ስለቱ ከመዳፍህ ብዙ አይርዘም፤ የምትገፈው ከርከሮ ነው እንጂ ጦርነት አትሄድም። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የዘለቀ ይሁን፤ አለዚያ ስትጫነው ይነቀላል። እጀታው እጅህ ደም ሲነካ የማያንሸራትት ይሁን። አፎቱ ስትጎነበስ ቢላውን የማይለቅ ይሁን። የሚያብለጨልጭ አትግዛ፣ አውሬ ቀድሞ ያይሃል። ሞረድም አብረህ ግዛ።"

"እሺ አባባ፣ እሺ አባባ" ሲል ቆየ።

ሱቁ ሄደና መስታወቱ ውስጥ የተሰቀለውን ገዛ። ክንድ ያክላል። ፊት ያሳያል። ጀርባው መጋዝ፣ እጀታው ጫፍ ላይ ኮምፓስ። ባለሱቁ "ይሄን የሚይዘው ወንድ የሆነ ወንድ ነው" አለው፤ በቃ። ወንድን እንዲህ በሉትና አሮጌ መጥረጊያም ይገዛችኋል።

በአደኑ ዋዜማ ጠዋት ለቁርስ ሽንኩርት ሊቆርጥበት ሞከረ። ሽንኩርቱ ተጨፈለቀ እንጂ አልተቆረጠም። አለቃ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጉልበቴም ሳቀ።

አሁን ግን የሚስቅ አልነበረም።

"ገመዱን ለምን ቆረጥክ?"

"አልቆረጥኩም።"

"ቢላው ያንተ ነው?"

"የኔ ነው።"

"አፎቱ ውስጥ ክር ምን ይሠራል?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"ከአማትህ ጋር ተጣልታችኋል?"

"ኧረ እኔ! በቢላው ሳቁብኝ እንጂ ምን አጣላን።"

"ሰው ስለሳቁበት ይገድላል።"

"እንደሱማ ከሆነ ስንቱን ልፈጅ ነው? ሚስቴም ስቃለች!"

ሚስቱ ከጣቢያው በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ልትወልድ ደርሳለች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሳጅኗ ስትወጣ ጠብቃ ያዘቻት።

"አባቴ እዚያ ተኝቷል። ባሌ እዚህ ታስሯል። አባቴን ባሌ ገደለው ብለሽ ልታስወልጂኝ ነው? ንገሪኛ፣ የቱ ጋ ልሂድ?"

"አባትሽ ጋ ሂጂ።"

"ባሌስ?"

 ጥያቄው ሳጅኗን አናደዳት።

ያላጣራችው ነገር አለ ብላ ተመለሰች። ባለሽንኩርቱን ያዘችው። የአለቃ ውሾች ችግኙን ረግጠውበት "እግርህን ነው የምሰብረው" ብሎ እንደዛተባቸው ሰምታለች።

"ብያለሁ" አለ ደረቱን ነፍቶ። "እላለሁም። ግን ብዬ ነው እንጂ…"

"ዋዜማውን ከቀትር በኋላ የት ነበርክ?"

"ገበያ። ሽንኩርቴን ስሸጥ። የፈለግሽውን ጠይቂ።"

ጠየቀች። እውነቱን ነው። ገበያው ውስጥ ሚዛን ላይ ሲጨቃጨቅ ያልሰማው ሰው አልነበረም። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ደግሞ አለቃ ራሳቸው እያንዳንዱን ገመድ በእጃቸው ስበው አይተውታል። ገመዱ የተቆረጠው እንግዲህ ከቀትር በኋላ ነው፤ ሾፌሩ ምሳውን በልቶ ሲያንኮራፋ፣ አለቃ የአውሬ ዱካ ሊያዩ ሲሄዱ።

"እርስዎስ?" አለችው ጉልበቴን።

"እኔ? ልጄ፣ ይሄን ጉልበት ይዤ ዛፍ ልውጣ?" ጉልበቱን አሻሸላት። "ደረጃ እንኳ ለኔ ተራራ ነው።"

እውነትም ሲነሳ ቋ አለ።

የጣቢያው አዛዥ ትዕግሥቱ አለቀ። "ቢላው የሱ፣ ክሩ አፎቱ ውስጥ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ክሱን ላኪው።"

"እልካለሁ። አንዴ ብቻ ላናግረው።"

ሾፌሩ ዓይኑ ጎድጉዷል። ከመጣ ጀምሮ አልተኛም።

"ሳጅን፣ አትቆጪኝና ያ ቢላ እኮ ቅቤ አይቆርጥም።"

"መጋዙ ይቆርጣል።"

"እሺ መጋዙ ይቁረጥ። እኔ ግን እሱን ሁለተኛ ላልነካው ከሽንኩርቱ በኋላ ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬዋለሁ።"

ሳጅኗ ጓንት አደረገች። ቢላውን ከፖስታው አወጣች። ወረቀት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ስለቱን አስጠጋችበት። ወረቀቱ ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ወረደ።



ሾፌሩ አፉን ከፈተ። አውቶቡሱን ታጥቦ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

"ማን ሳለልኝ?" አለ።

ስትጠይቅ ከከረመችው ጥያቄ ሁሉ ይህ በለጠባት። ጥፋተኛ ሰው ይምላል፣ ይለማመጣል፣ ያለቅሳል። እንዲህ ደስ ብሎት የሚጠይቅ ግን አላጋጠማትም።

"አንተ አይደለህም?"

"በምኔ? ሞረድ የለኝም። አባባ አብረህ ግዛ ብለውኝ ነበር፤ ኮምፓስ አለው ብዬ ተውኩት።"

"ኮምፓሱ ምን አገባው?"

"ተይው ሳጅን፣ ይብቃኝ። በዚህ ቢላ ያልሰደበኝ የለም። ጉልበቴማ አፈር አስጋጠኝ።"

"በምን?"

"የኔ እምቢ ሲለኝ የሱን ተውሼ ሽንኩርቱን ከተፍኩና መለስኩለት። 'የሰው ቢላ ሳይስል የሚመልስ የት ነው ያደገው?' ብሎ ጮኸብኝ። አዳኞች ዘንድ ነውር ነው አሉ። በሰው ሳህን በልተው ሳያጥቡ እንደመመለስ ነው። ሰውየው የቢላ እብድ ነው፤ ዱልዱም ከያዘ እጁን ያሳክከዋል።"

ሳጅኗ ጥፍሯን አላየችም። ተነስታ ኮፍያዋን አደረገች።

ከመሄዷ በፊት ከጣቢያው ሻይ ቤት ዳቦ የሚቆረጥበትን ቢላ ለመነች። ቢላው ዳቦውን መቁረጥ ትቶ መገንጠል ከጀመረ ቆይቷል።

ጉልበቴንና ባለሽንኩርቱን ማሳው ዳር አገኘቻቸው። የማማው ስብርባሪ እዚያው ነው።

"ይሄ ገመድ ለምርመራ ይፈለጋል" አለች። "ቁረጡልኝ።" ቢላውን ለባለሽንኩርቱ ሰጠችው።

ባለሽንኩርቱ እየተሳደበ ፈገፈገው። ቆረጠና ቢላውን ከነጭቃው ወረወረላት። "ይሄ ቢላ ነው ማንኪያ?"

ጠርጋ ለጉልበቴ ሰጠችው። "ያኛውን ጫፍ እርስዎ።"

ጉልበቴ ቆረጠ። ተቸገረበት፤ ቆረጠ ግን። ከዚያ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ምላሱን ጠቅ አደረገ። ስለ ከርከሮው እያወራላት፣ ከየት በኩል እንደሚመጣ እየነገራት፣ እጁ ኪሱ ገባ። ከጨርቅ ከረጢት ሞረድ አወጣ። እንትፍ አለበት። ወዲህ ሳበው፣ ወዲያ ሳበው። ገልብጦ ደገመ። ሱሪው ላይ ጠረገና እጀታውን ወደሷ አዙሮ ሰጣት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች ሳጅኗ። "የሾፌሩንም እንዲህ ስለው ነው የመለሱለት?"

ወሬው አፉ ውስጥ ቀረ።

ሞረዱን አየ። ሞረዱ እጁ ላይ ነው። ያወጣው እንኳ እሱ አይመስልም ነበር፤ ራሱ የመጣ ይመስል አፈጠጠበት።

"ምን ማለትሽ ነው ልጄ?"

"ቢላው ዋዜማውን ጠዋት ሽንኩርት አልቆረጠም። ስይዘው ወረቀት ይሰነጥቃል። ባለቤቱ ሞረድ የለውም። ከረጢቱን ይስጡኝ።"

እዚህ ላይ ጉልበቴ ሮጠ። እንደ ጎረምሳ ቦዩን ዘለለው። ጉልበቱ ያኔ ቋ አላለም።

ባለሽንኩርቱ እግሩን ዘርግቶ ጣለው። "ውይ፣ ሳላስበው" አለ።

ከከረጢቱ የወጣው ጨርቅ በዘይት ርሷል። ዘይቱ ላይ ሰማያዊ የናይለን ብናኝ ተለጥፏል፤ ከቢላው የጠረገው። መጋዙ ውስጥ የቀረውን ክር ሆን ብሎ ትቶታል፣ ለፖሊስ። ስለቱ ግን ዱልዱም ሆኖ እንዲመለስ እጁ እሺ አላለውም።

ጣቢያ ሲቀመጥ ብዙ አላስቸገረም።

"ልገድለው አልነበረም። ትንሽ ወረድ እንዲልልኝ ነበር።"

ከዛፍ ጫፍ የሚወድቅ ሰው ወረድ አይልም፤ ይከሰከሳል። ሳጅኗ ግን ይህን አላለችውም። "ለምን?" ብቻ አለች።

"ጠመንጃውን ሊሰጠው ነው። ቦታውንም። ፊት ለፊት፣ ምሳ ላይ ነገረኝ፤ 'እኔ ደክሞኛል፣ ልጁ ይተካኝ' አለ። ዕድሜ ልኬን አውሬ አስነስቼለታለሁ፣ ግዳይ ተሸክሜለታለሁ። ለኔ ይሆናል ብዬ ነበር።" ጉልበቱን በቡጢ መታ። "ለሱ! ቢላ መምረጥ ለማይችል ሰው!"

"ስለዚህ አንዱን ጥለው ሌላውን አሳስረው ጠመንጃው ለእርስዎ ሊተርፍ ነበር።"

አንገቱን ደፋ።

"ታዲያ ለምን ሳሉት?"

"አላወቅሁም" አለ። ይህ እውነቱ ነበር። "ሳላውቀው እጄ ሠራው።"

ሾፌሩ የወጣው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ቀበቶውንና የጫማውን ክር መለሱለት። ቢላውን ሊሰጡት ሲሉ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። "ለፍርድ ቤት ይሁን። ለዘላለሙ እዚያ ይቀመጥ።"

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። ያቅፈኛል ብላ እንዳይመስላችሁ። በቦርሳዋ ትከሻውን ነረተችው፣ ደገመችው፣ ከዚያ ኮሌታውን ይዛ ደረቱ ላይ ተደፋች።

"ትሸታለህ" አለች እያለቀሰች።

"እስር ቤት ሽቶ አይሰጥማ።"

"ና፣ አባቴ ነቅቷል። እያበደ ነው።"

እውነትም አለቃ ነቅተዋል። ጭንቅላታቸው ተጠቅልሎ ሽንኩርት መስሏል። ሳጅኗ ቀድማ ደርሳ የሆነውን ነግራቸው ወጥታለች። ስለ ጓደኛቸው ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ብዙ ቆዩ። ሰው እዚያ መሃል አይገባም፤ ልጃቸውም አልገባች።

አማቻቸው ሲገባ ዞሩ።

"ና እዚህ።"

"አባባ፣ እኔ እኮ…"

"ምን እኔ እኮ ትላለህ! ነርሷን ጠይቃት፤ እንደነቃሁ አማችህ ታስሯል ስትለኝ ነው የነገርኳት። እሱ ከሆነ ገመዱን የቆረጠው ራሱ ነበር ቀድሞ የሚወድቀው አልኳት።"

ሾፌሩ ሊስቅ ፈልጎ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ከተያዘ ጀምሮ ያስፈራው እስሩ አልነበረም። እኒህ ሰውዬ ነቅተው "እሱ ነው" ብለው እንዳያምኑ ነበር።

"አላመኑም?"

"ምኑን?" አሉ አለቃ። "አስቂኝ! በል ተቀመጥ፣ ቆመህ አታድክመኝ።"

ተቀመጠ። ሚስቱ ውሃ ልትቀዳለት ዞር አለች። ስትመለስ ጭንቅላቱ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተንጋሎ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ያንኮራፋል። አለቃ ያላመማቸውን እጃቸውን ዘርግተው ብርድ ልብሳቸውን ከላያቸው እየጎተቱ ጉልበቱ ላይ ሊጥሉለት ይታገላሉ።

"አባዬ፣ አንተ ነህ በሽተኛው!"

"ዝም በይ" አሉ። "ይተኛበት።"