ሙነወር የተሸነፈበት ጨዋታ

በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ በመተማ ዮሐንስ ከተማ ስለ ተደረገ አንድ የሰንጠረዥ ጨዋታ ሁለት ወሬ ይነገር ነበር። አስተማሪው አለምሰገድ «ሙነወርን በጨዋታ ረታሁት» ይል ነበር፤ ጨዋታው የተደረገበት የሻይ ቤት ባለቤት ወይዘሮ አሰበች ግን «ሙነወር ወዶ ተሸነፈ» ይሉ ነበር።

በካርቱም ጦርነት በተነሣ ሰሞን የአለምሰገድ እኅት ማስተዋል እዚያው ነበረች፤ በድንበሩ ከተማ በገላባት ተሻግሮ የሚያመጣት ሰው አስፈለገ። ወንድምየው «እሄዳለሁ» ቢል፣ ወዳጁ ጨርቅ ነጋዴው ሙነወር «ዐረብኛ አታውቅም፤ ኬላ ላይ ያስቀሩሃል» ብሎ ተከራከረ። በሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ግን የቆየ ሕግ ነበረ፤ በሰንጠረዥ የተሸነፈ ይላካል። ስኳር ለማስመጣት የወጣውን ሕግ ለዚህ አዋሉት። ሙነወር ሽንፈቱን አምኖ ንጉሡን አጋደመ፤ በማግስቱም ተሻገረ።

ማስተዋል ከስደተኞች ጋር በሌላ መኪና ገባች፤ ሙነወርን በመንገድ አላየችውም። ስልኩም ዝም አለ፤ እሱም አልተመለሰም። የሰሊጥ ማሳ መታረስ ሲጀምር የሙነወር ሚስት ሁሪያ ወደ ሻይ ቤቱ መጣች።

«እንዴት እንደረታኸው አሳየኝ» አለችው አለምሰገድን።

«ሰንጠረዥ አታውቂም እኮ፣ እኅቴ።»

«ባሌን አውቃለሁ።»

አለምሰገድ ጠጠሮቹን ደረደረ፤ ድሉን ለሰው ሁሉ ሲያወራ ስለ ከረመ አንድም እርምጃ አልጠፋበትም። እስከ እኩሌታው ፈጥኖ ሄደ፤ ከዚያ እጁ ቆመ። የሙነወር ንግሥት፣ ፈረሱ እየደገፋት፣ ከአለምሰገድ ንጉሥ ፊት ለመቆም አንድ እርምጃ ቀርቷት ነበር፤ ንጉሡም መሸሻ አልነበረውም። ሙነወር ግን አንሥቶ ጥግ ወሰዳት። ያን ቀን አለምሰገድ የራሱን መትረፍ ብቻ ነበር ያየው።

«ምነው ቆምህ?»

«እዚህ ላይ… ጨርሶኝ ነበር።»

ወይዘሮ አሰበች ከምድጃው ዞር ሳይሉ፣ «ነግሬህ ነበር! እንደ አውራ ዶሮ ስትንጎራደድ ማን ይስማ?» አሉ።

«ሳያየው ቀርቶ ይሆን?» አለች ሁሪያ።

«በዚህችው መንገድ ስንት ጊዜ ረትቶኛል፤ አይስታትም።»

ሁሪያ የንግሥቲቱን ጥግ ስታይ ቆየች። «ለእኔም ‘ተሸንፌያለሁ፣ ግድ ነው’ አለኝ። ግድ መሰለኝና ሳልይዘው ሸኘሁት» አለች።

የዚያ ዘመን ታሪክ በገላባት የተሻገሩትን በቁጥር ያስታውሳል፤ ከመካከላቸው ማን ስለ ማን ብሎ እንደ ሄደ ግን አልመዘገበም። አለምሰገድ ያሸነፈበትን ንጉሥ በገዛ እጁ አጋደመና ከአግዳሚው ተነሣ።

«ሁሪያ፣ ተሸናፊው እኔ ነኝ፤ ነገ በማለዳ እሻገራለሁ» አለ።