የአቶ ሀይሉ ቅጥር

ሐሙስ ጧት አደይ እንደ ሌላው ቀን ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ ቤቱን ጠረገች፣ ከምንጩ ሁለት ጀሪካን ውሃ አመጣች። የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ለፈተና ስለተፈለጉ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ለሳምንት እረፍት ላይ ነበሩ። ወንድሟ ይታገሱ ከእሷ ቀድሞ በሬዎቹን አውጥቷል። አባቷን አቶ ዳኘውን ወገባቸውን ካመማቸው ወዲህ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ የሚወጣው እሱ ነው።

እናቷ ያምሮት ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልላ በፌስታል ቋጠረችና ከአንድ ሃይላንድ ውሃ ጋር ሰጠቻት።

«ቀትር ሳይሆን አድርሽለት።»

«በወንዙ በኩል እሄዳለሁ» አለች አደይ።

«በመንገዱ አይቀርብሽም?»

«ፀሐዩ ይከብዳል።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። በወንዙ በኩልም ፀሐዩ ያው ነው። ጀሪካኖቹን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ማሳው ከመንደሩ ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የእነሱ ነው፤ የሚያዙበት ግን እነሱ አይደሉም። ይታገሱ ባህር ዳር ካለ የግል ኮሌጅ ሲገባ አባቷ ለክፍያው ከጅጋው ነጋዴ ከአቶ ሀይሉ ተበድረው መሬቱን በወለድ አገድ አስያዙት። ብድሩ እስኪመለስ ድረስ ምርቱ የአበዳሪው ነው፤ ወለዱ እሱ ነው። ይታገሱ በአካውንቲንግ ጨረሰ። የመጨረሻው ዓመት ክፍያ ግን ስላልተሟላ ኮሌጁ ማስረጃውን አልሰጠውም። ያለ ማስረጃ ደግሞ የሚቀጥረው አልተገኘም። አቶ ሀይሉ በሬ የላቸውም፤ የሚያርስላቸው ሰው በቀን ሒሳብ ፈለጉ። የተቀጠረው ይታገሱ ሆነ፤ በአባቱ በሬዎች፣ በአባቱ መሬት ላይ።

እሱ ራሱ ይቀልድበታል። «የኔ ዲግሪ ባህር ዳር ታስሯል» ይላል ማታ ማታ ሒሳብ ሲያስጠናት። «መሬቱ ደግሞ እዚህ ታስሯል። ዋስ ጠፋ እንጂ ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም።»

አደይ በዚህ ቀልድ ስቃ አታውቅም። ትምህርት ቤት ያወራችው ሌላ ነው። ለፋጢማና ለእስከዳር፣ ለሁለቱ የጅጋ ጓደኞቿ፣ «ወንድሜ ቡሬ ፋብሪካ ውስጥ አካውንታንት ሆኗል» ብላቸዋለች። ያን ቀን ያለችው ይህንኑ ብቻ ነበር። በኋላ ግን የት እንደሚኖር ጠየቋት፤ ቤት ተከራየችለት። በምን እንደሚሠራ ጠየቋት፤ ላፕቶፕ ገዛችለት።

ማሳው ስትደርስ ይታገሱ አንዱን ትልም ጨርሶ በሬዎቹን እያዞረ ነበር። ሲያያት ጅራፉን ከፍ አድርጎ ሰላም አላት። በሬዎቹን አቁሞ ወደ እሷ መጣ፤ ከሩቅ እጁን ዘርግቶ «ርቦኛል አዱ፣ ቶሎ በይ» አለ።

ያኔ ከመንገዱ በኩል ድምፅ ተሰማ።

«አደይ! አንች አደይ!»

ፋጢማና እስከዳር ነበሩ። ጫማቸውን አቧራ አልብሰው፣ እየተሳሳቁ ወደ ማሳው ገቡ።

«ስልክሽን ምን ውጦት ነው?» አለች እስከዳር። «ስንደውል ስንደውል ዝግ! የባዮሎጂው አሳይመንት ሰኞ ነው እኮ። ቤትሽን እየጠየቅን ልንሄድ ነበር።»

«ቻርጅ ጨርሶ ነው» አለች አደይ። ፌስታሉ እጇ ላይ ነበር።

እስከዳር ወደ ይታገሱ አየች። ባዶ እግሩን ነው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፤ ቅልጥሙ ላይ ጭቃ ደርቋል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማነው ሰውየው?» አለች።

«የአቶ ሀይሉ ቅጥር ነው።»

ውሸት አልነበረም። አደይ ይህን ለራሷ ወዲያው ነገረችው።

ይታገሱ ሰምቷል። የዘረጋውን እጅ መለሰና በሱሪው ጠረገው። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እዚያ ድንጋዩ ላይ ያኑሩልኝ፣ እመቤቴ» አለ። «ጌቶችንም እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ።»

አንቱ አላት። ስትወለድ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ በጀርባው ያዘላት ወንድሟ።

እስከዳር በሳቅ ፈነዳች። «ኧረ እመቤት አደይ! ሰውየው ሙድ አለው!»

ፋጢማ አልሳቀችም። አባቷ ጅጋ ላይ ልብስ ነጋዴ ነው፤ እሷም ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ልብሱን ነው። የይታገሱ ቲሸርት ነጭ የነበረ ነው፤ አሁን የማሳውን አፈር መስሏል። ደረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አልጠፋም።

«ይሄ የምሩቃን ቲሸርት አይደል?» አለች። «አካውንቲንግ ይላል። ጋሼ፣ ከየት አገኙት?»

አደይ ፌስታሉን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች።

«ከሰልባጅ ነው» አለ ይታገሱ። «የተማረ ሰው ልብስ ይበረክታል ብለውኝ ገዛሁት።»

እስከዳር እንደገና ሳቀች። አደይም ሳቀች። ሳቋ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ፌስታሉን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ጅጋ ሄደች። መንገዱ ላይ ሲወጡ የጅራፉ ድምፅ ከኋላዋ ተሰማት። ይታገሱ ሳይበላ ወደ እርሻው ተመልሷል።

ማታ ሲገባ ምሳው እንደተቋጠረ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ አልጣመህም?» አለች እናቱ።

«አልራበኝም ነበር፣ እማዬ።»

እራት ከተበላ በኋላ እንደ ልማዱ አደይን ጠርቶ የሒሳብ መጽሐፏን ገለጠ። አንድ ጥያቄ ሠራች፤ ተሳሳተች።

«ምልክቱን ዘለልሽው። እንደገና ሥሪው።»

ሠራችው። ከመጽሐፉ ቀና ሳትል «አያ» አለች፣ «ለምን አንቱ አልኸኝ?»

«ቅጥር ታዲያ ምን ብሎ ይጥራሽ?»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብትፈልግ አላገኘችውም።

«ጅጋ ትንሽ ከተማ ናት፣ አዱ» አለ። «የቡሬውን ሥራዬን ከሰማሁ ቆየሁ። ላፕቶፕም ገዝተሽልኛል አሉ።» ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። «አትጨነቂ። እኔም እኮ እንዲያ እንድሆን ነበር የፈለግሁት።»

አደይ ይቅርታ ልትል ፈለገች። አባቷ መደባቸው ላይ ተጋድመው፣ እናቷ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ቃሉ ከተነገረ ሁሉም ነገር ሊነገር ነው። የሚቀጥለውን ጥያቄ መገልበጥ ጀመረች።

«ነገ ምሳ አታምጭ» አለ ይታገሱ መጽሐፉን እየዘጋ።

«ለምን?»

«ሩቅ ነው።»

ሩቅ አልነበረም።

ዓርብ ጧት ስትነሣ የይታገሱ መኝታ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ በሬዎቹም ወጥተዋል። አባቷም ጅጋ ጉዳይ አለኝ ብለው በሌሊት ሄደዋል። ስልኳን ሶላር ካላቸው ጎረቤቶች ቤት ወስዳ ቻርጅ አደረገች። ብዙ ቆማ አሰበች፤ ከዚያ ለፋጢማ ደወለች።

«ምሳ ሰዓት ላይ ከእስከዳር ጋር ማሳው ጋ ኑ። ከወንድሜ ጋር አስተዋውቃችኋለሁ።»

«ከቡሬ መጣ እንዴ?»

«ኑ ብቻ።»

ቤት ገብታ ምሳውን ራሷ ቋጠረች። ሽሮውን አበዛችው፤ ቃሪያ ጨመረችበት።

«አታምጭ አላለሽም?» አለች እናቷ።

«ብሎኛል» አለች አደይ።

በዚህ ቀን በወንዙ በኩል አልሄደችም። የጅጋን መንገድ ይዛ፣ ምሳውን በግልጽ አንጠልጥላ ሄደች። ከገበያ ለሚመለሱት ሰላምታ ሰጠች። አንድ አዛውንት «ለማን ነው ስንቁ፣ ልጄ?» ሲሏት «ለወንድሜ ነው፤ ያርሳል» ብላ መለሰች። ለፋጢማና ለእስከዳር የምትለውንም በልቧ ደጋግማ አለችው።

ማሳው ላይ በሬዎቹ በዝግታ ይሄዳሉ። ከኋላቸው ያለው ሰው አንድ እጁን እርፉ ላይ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጓል። ትልሙ ጠማማ ነው። አደይ እየሮጠች ገባች።

«አባዬ! ምነው እርስዎ? ወገብዎ እኮ!» ዙሪያዋን ቃኘች። «አያስ?»

አባቷ በሬዎቹን አቆሙ። ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«መተማ ሄደ። ጎሕ ሲቀድ በሬዎቹን እዚህ አስረን፣ ጅጋ ድረስ ሸኝቼ መኪና አሳፈርሁት። የሰሊጥ ማሳ ሥራ አለ ብለውታል። እማዬ ታለቅስብኛለች፣ እስክርቅ አይንገሯት ብሎኝ ነው።»

«መቼ ነው የሚመለስ?»

«የኮሌጁን ቀሪ ክፍያ ሲሞላ። እንዲያ ነው ያለኝ።» እርፉን ተደግፈው «እስከ ትናንት ጧት መሄድን አንስቶ አያውቅም» አሉ። «ምን አገኘው? አንች ታውቂያለሽ?»

ያኔ ፋጢማና እስከዳር ከመንገዱ ወርደው መጡ። ፋጢማ ፀጉሯን በአዲስ ሻሽ ሸፍናለች፤ እስከዳር ከንፈሯን ቀብታለች። ለአካውንታንቱ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ አባ» አሉ ሁለቱም ለአቶ ዳኘው። ከዚያ እስከዳር ዙሪያውን አየችና «ታዲያ ወንድምሽ የታል?» አለች።

«ትናንት ያያችሁት ነው» አለች አደይ። ወደ ትልሙ እየጠቆመች ቀጠለች። «እዚህ ሲያርስ የነበረው። ይታገሱ ይባላል። ቲሸርቱም የራሱ ነው። ቡሬ ሥራ የለውም፤ የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ።»

እስከዳር የተቀባችውን ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ፋጢማ መሬት መሬት አየች። አቶ ዳኘው ሴት ልጃቸውን ትክ ብለው ተመለከቱ፤ የጠየቁትን ሁለተኛ አልጠየቁም።

አደይ ምሳውን ለአባቷ ሰጠችና ጅራፉን ተቀበለቻቸው። ማሳው ላይ ሁለቱ በሬዎች ቆመዋል፤ ትልሙ ግማሽ ላይ ቀርቷል። ወንድሟ የለም።