ግንበኛው የመሰከረለት ግድግዳ

ሰፈሩ «እጀ ወርቁ» የሚለው ግንበኛ ነበር። እጁ ወርቅ ይሁን እንጂ ልቡ ድንጋይ ነበረች... አንድያ ልጁ ያለ ፈቃዱ አናጢ በማግባቷ «ዐይንሽን ላፈር» ካላት ሁለት ዓመት አልፎታል። የት እንደምትኖር እንኳ ጠይቆ አያውቅም።

ልጅቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከባሏና ከአራት ወር ሕፃኗ ጋር በተከራየችው ቤት፣ ከአልጋቸው ራስጌ ያለው ግድግዳ መሰንጠቅ ጀመረ። መጀመሪያ ክር ታህል የነበረችው ስንጥቅ በወሩ ጣት አስገባች። ባልየው አከራይዋ ዘንድ ሄዶ፣ ውሉ ሳያልቅ እንዲለቋቸው በልጅ አምላክ ለመናቸው። እሳቸው ግን የዓመት ውል መፈረሙን አስታውሰው፣ ቤቱን ወደ ለሰነው ግንበኛ ስልክ ደወሉና መልሱን አሰሙት።

«ደህና ነው፣ ምንም አይሆንም» አለ ግንበኛው።

ውሸቱን ነበር! መሠረቱ መስጠሙን እያወቀ፣ አከራይዋን ላለማስቀየም የቀድሞውን ስንጥቅ በልስን የሸፈነው ራሱ ነው። አናጢው ደግሞ የአማቱን ድምፅ በምን ይወቀው? ባለሙያ ካለ ብሎ ሚስቱን አጽናንቶ አደረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እሷ ልጇን አዝላ ደጅ ልብስ ስታሰጣ፣ ግድግዳው ከውስጥ ባሏ ላይ ተንዶ ገደለው።

ግንበኛው ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ ሲደርስ፣ አቧራ ለብሳ መሬት ላይ የተቀመጠችው የገዛ ልጁ ናት። ተነሥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ... መጣህልኝ? ማን ነገረህ?»

ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር?

«ልጄ... ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። እጆቿን ከአንገቱ ላይ ቀስ ብላ አወረደች፤ እሱም ያን ጊዜ በቁሙ ሞተ፣ ትንፋሹ ብቻ ቀረ።

ፍርድ ቤት ቆሞ በአከራይዋም በራሱም ላይ መሰከረ። በታሰረ በሁለተኛው ዓመት ጠያቂ መጣልህ ተባለ። ልጁ ሕፃኗን በእጇ ይዛ ከሽቦው ማዶ ቆማለች። ፊቷን ዘወር አድርጋ፣

«እኔ ገና አልቻልኩም» አለችው። «እሷ ግን ከእኔና ከአንተ በቀር ማንም የላትም።»

ሕፃኗ በሽቦው ቀዳዳ ጣቷን ሰደደች። ሽማግሌው ያቺን ጣት ይዞ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ዕጣ ነው እንበል? ከዚያ ግድግዳ ሥር ልጁ መተኛቷን ቢያውቅ ኖሮ መቼ ይዋሽ ነበር! ግን ምን ዋጋ አለው... ከግድግዳ ሥር የሚተኛ ሰው ሁሉ የአንድ ሰው ልጅ ነው።