ብሬከሩ ተቆልፎ ነበር

ቴክኒሻኑ የሞተው በመስቀለኛው መንገድ ጥግ፣ በትራፊክ መብራቱ መቆጣጠሪያ ሳጥን ፊት እንደተንበረከከ ነው። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል። አራቱም መብራቶች ጨልመዋል፤ መኪኖቹ ጡሩምባ ሳያሰሙ እንደ ለቀስተኛ ቀስ እያሉ ያልፋሉ።

«ስንቴ መከርኩት!» አለ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ። ሟቹ የሚስቱ ወንድም ነበር። «ኃይሉን ሳያጠፋ ገብቶበት ነው።»

ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ ብሬከሩን፣ የሳጥኑን ኃይል ማቋረጫ፣ አየች። ጠፍቷል፤ ማንም እንዳያበራውም በጓጉንቸር ተቆልፏል። የጓጉንቸሩ ቁልፍ በክር ታስሮ ከሟቹ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

«ኃይሉንስ አጥፍቶታል» አለች። ታዲያ የገደለው ኤሌክትሪክ ከየት መጣ?

ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰዓት ሠሪ ጠየቀችው።

«ጠዋቱን ሙሉ መብራቶቹ ሙት ነበሩ ልጄ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ከሳጥኑ ጀርባ ሞተር ተነሳ። ትንሽ ቆየና አራቱም ቀይ ባንዴ ቦግ አሉ። ወዲያው ሞተሩ ጸጥ አለ።»

«ሞተሩ ጋ ማን ነበር?»

«እዚያ ድረስ ዓይኔ መብራት እንጂ ሰው አይለይም።»

ከሳጥኑ ጀርባ፣ ዋናው መስመር ሲቋረጥ፣ ብሬከሩ ቢጠፋም ኃይል እንዲያስገባ፣ ጄኔሬተር የሚሰካበት ትንሽ በር አለ። ከሟቹ ሌላ ቁልፉ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የክፍሉ ሾፌር፣ መጋዘን ጠባቂዋና ኃላፊው።

ሾፌሩና ሟቹ ትናንት ተናንቀው ነበር። «ተጣልተናል፣ አልዋሽዎትም» አለ። «ግን የተጣላ ሁሉ ከተገዳደለማ ማን ይተርፋል? ጎማ እያስለጠፍኩ ነበር።» ጎማ ሠሪው እስከ አራት ሰዓት ከአጠገቡ እንዳልተለየ መሰከረለት።

መጋዘን ጠባቂዋ የሟቹ እህት፣ የኃላፊው ሚስት ናት። መጋዘኑ ውስጥ የሽቦ ጥቅል ላይ ተቀምጣለች፤ ከለቅሶ ብዛት ድምጿ ተዘግቷል።

«ጄኔሬተሩ ዛሬ ወጥቶ ነበር?»

«ከክረምት ወዲህ የነካው የለም።»

ወስፌ ጥግ ላይ ወደቆመው ጄኔሬተር ሄዳ መዳፏን የጭስ ማውጫው ላይ አሳረፈች። ገና አልበረደም።

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ባለቤቴ ሦስት ሰዓት ላይ ደውሎ የፍተሻ ሰነድ ዋናው ቢሮ ድረስ አምጪልኝ አለኝ። ሄድኩ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የብረት በሩ ሲዘጋ ሾፌሩ ደነገጠ።

«ኤሌክትሪኩ የመጣው በሳጥኑ የኋላ በር ከተሰካው ከዚህ ጄኔሬተር ነው» አለች። «ሟቹ ሞተሩ ሲነሳ ሰምቷል፤ እጁን ግን አላወጣም። የተናነቀው ሰው ከጀርባው ቆሞ ቢሆን ዞር ብሎ ባየ ነበር። ያመነው ሰው ግን ‹ለመሰርሰሪያው ነው› ቢለው ሥራውን ይቀጥላል። ሾፌሩ ጎማ ቤት ነበር። እህቱ በስልክ ተጠርታ ከመጋዘኑ ወጥታለች። ያስወጣት ማን ነው?»

ወደ ኃላፊው ዞረች።

«ከሁለት ሳምንት በፊት ያ መብራት በሁለቱም አቅጣጫ አረንጓዴ በርቶ አባትና ልጅ ተገጭተው ሞቱ። መብራቱ ሳይፈተሽ ‹ተፈትሿል› ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ሟቹ ይህን ነገ ለአደጋው አጣሪዎች ሊናገር ቀጠሮ ይዞ ነበር።»

«ዋናው ቢሮ ነበርኩ!» አለ ኃላፊው። «ሰነዱን በእጄ ተቀብያታለሁ። እሷ ትመስክር!»

ሴትዮዋ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ዓይኖቹ ይለምኗት ነበር።

«አትጨነቂ» አላት በለሆሳስ፤ «ልጆቻችንን አስቢ።»

«እያሰብኳቸው ነው» አለች። «አጎታቸው የት ሄደ ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?» ወደ ወስፌ ዞረች። «አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩት። አልነበረም። ሰነዱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

ፖሊሶቹ የኃላፊውን ክንድ ይዘው አስወጡት።

ወስፌ ማስታወሻዋን አጥፋ ከሴትዮዋ ጎን ተቀመጠች።

«እናታችን ገና አልሰማችም» አለች ሴትዮዋ። «ባሌን እንደ ልጇ ነው የምትወደው። ልጅሽ ሞተ ስላት ‹አማቼን ጥሩልኝ› ነው የምትለው። ያኔ ምን ልበላት?»

ወስፌ እጇን ዘርግታ የሴትዮዋን እጅ ያዘች።