የባሕሪያ ቀኝ እጅ

ባሕሪያ እጇን ትጠየፈው ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአርማጭሆ ተሰዳ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ ካለው የስደተኞች ጣቢያ በገባች ሰሞን፣ የተጠለለችበት የሣር ጎጆ ተቃጥሎ ቀኝ እጇን እሳት በላው። ቁስሉ ቢጠግግም ጣቶቿ ወደ መዳፏ ታጥፈው ቀሩ። በቆዳው እጥፋት ውስጥ ላብና እዥ ይጠራቀማል፤ ሽታው ራሷን ያቅለሸልሻታል። በነጠላዋ ጠቅልላ ደብቃው ትውላለች፤ ስትበላም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በግራዋ ነው።

የጣቢያው ሐኪም ወደ አንድ ዳስ ላካት። እዚያ የተቀበላት ጋረደው የሚባል የጎንደር ልጅ ነው፤ ከአንዲት የውጭ አገር ባለሙያ ተምሮ፣ እጅ እግራቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች በሥራ ያክማል። ሕክምናው ድሮ በጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ወደ ኑሯቸው ለመመለስ የተስፋፋ መሆኑን፣ መድኃኒቱም መቅዳት፣ መቋጠርና መፍተል እንደሆነ አስረዳት። ከዚያ በሳህን ማሽላ አቅርቦ ጠጠሩን ልቀሚ አላት።

ባሕሪያ ተናደደች። ሰው በረሃብ እያለቀ እሷ እንደ ሕፃን በእህል ልትጫወት ነው። ጋረደው ግን ነጠላዋን ገለጥ አድርጎ እጇን ያዘ፤ በሞቀ ውሃ አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቀስ እያለ ዘረጋቸው። ፊቱ ላይ መጸየፍን ፈለገች፤ አጣችው። አፍራ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች።

ሳምንታት አለፉ። መጀመሪያ ኩባያ ያዘች፤ ቀጥሎ መቀነቷን ራሷ አሰረች። ሥራው ሲያልቅም ሁለቱም ለመነሳት አይቸኩሉም፤ እዚያው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በመጨረሻ ጋረደው ላገባሽ እፈልጋለሁ አላትና ካሳደገችው አክስቱ ከበለጡ ዘንድ ወሰዳት።

በለጡ አሲዳ አቀረበች፤ የማሽላ ገንፎ ነው። ባሕሪያ ኩራት ኩራት እያላት በቀኝ እጇ ቆረሰች። አሮጊቷ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ምራቋን ወደ ጎን ተፋች፤ እጇ የነካውንም አንስታ፣ እህል ብርቅ በሆነበት በዚያ ዓመት፣ ለዶሮ ወረወረችው። ጋረደው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ባሕሪያን ከምራቁ ይልቅ ያቅለሸለሻት የእሱ ዝምታ ነው። ወደ ዳሱ መሄዷን ተወች። ጣቶቿ እንደገና ይታጠፉ ጀመር።

አንድ ጠዋት ጎጆዋ ድረስ መጣ።

«ያ ሁሉ ማስመሰል ነበር» አለችው። «የያዝከኝ ሥራህ ስለሆነ ነው።»

ጋረደው ከደጃፏ ተቀመጠ።

«የመጀመሪያው ቀን አንቺ ስትወጪ ከዳሱ ጀርባ ሄጄ አስታወክሁ» አላት። «በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያ ቀረልኝ፤ መቼ እንደቀረልኝ እንኳ አላውቅም። አክስቴ ፊት ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ የምጸየፈው ራሴን ነው።»

ባሕሪያ ቀና ብላ አየችው። ምንም አይሸትም ያላት ሰው ብዙ ነው፤ ውሸታቸው ከሽታው ይከፋባት ነበር። እውነቱን የነገራት እሱ ብቻ ሆነ።

«እኔም አስታውኬያለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «የገዛ እጄን ሳየው።»

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አይታወቅም። ሳቃቸው ሲበርድ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

ያን ቀን ጋረደው ለአክስቱ ቁርጡን ነገራት። በለጡ አለቀሰች፣ ረገመች፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ተጋብተው ወንዝ ዳር ወዳለችው ወድ ኤል ሒለው ሄዱ፤ እዚያ ሌላ ዳስ ተከፍቶ ነበርና ባሕሪያም የሌሎችን ጣት የምትዘረጋ ባለሙያ ሆነች። ሌላ ዘመድ ያልነበራት በለጡም ተከትላቸው መጣች። ከባሕሪያ ሳህን ግን አልቀመሰችም፤ የራሷን ምድጃ ለይታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ብቻዋን ትበላለች። ባሕሪያ ያን ጀርባ በየቀኑ ታያለች፤ ለምናት ግን አታውቅም።

አንድ ቀን ጋረደው ከምግቡ ተነስቶ አክስቱን ሊለማመጥ ሲል፣ ሚስቱ በቀኝ እጇ ክንዱን ጨብጣ አስቀመጠችው።

«ተዋት» አለችው። «ገንፎው ይቀዘቅዛል።»