ዐሥራ ሦስተኛው ክብ

ዶክተር ትርሲት እንደ ወትሮዋ ጠዋት በቤተ ሙከራዋ ነጩን ዱቄት በማተሚያው ጨምቃ፣ የኮት ቁልፍ የሚያክሉ ክቦች ሠርታ በሰሃኑ ላይ ደረደረች። ዱቄቱ እርሳስ የሌለበት ነው፤ ከጃፓን የተመለሰችውም ለዚሁ ነበር። አባቷ ጓሯቸው ውስጥ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ሲያቀልጥ ኖሮ፣ ድዱ ጠቁሮ ሞቷል፤ እሷም በዚያ ጓሮ ዐመድ ላይ እየዳኸች ነው ያደገችው። ማንም እንደ አባቷ እንዳይሞት፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ንጹሕ ሴራሚክ ልትሠራ ቆርጣለች። የቀራት፣ ክቦቹ ሳይቀልጡ ጥቅጥቅ የሚሉበትን ሙቀት ማግኘት ብቻ ነው።

«ዐሥራ ሁለት» ብላ መዘገበች።

«ኧረ አትቁጠሪ!» አሉ የምድጃው ኃላፊ ጋሽ ደባልቄ፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናቸው። «እሳት የሚገባ አይቆጠርም። እናቴ ብትሰማሽ በገል ትልሽ ነበር።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ፣ ጋሼ?»

«‹በርከት ያለ› በያ!»

ሳቀች። በሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ዲግሪ ጋግረው፣ በማግስቱ ሲከፍቱ ግን ዐሥራ ሦስት ነበሩ። ትርፉ ቀዳዳ የበዛበት፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ነው። ተሳስቼ ይሆናል አለች።

ለሺህ ሁለት መቶ ዲግሪው ዐሥራ ሁለት አዲስ ክብ ሁለት ጊዜ ቆጥራ አስገባች። አሁንም ዐሥራ ሦስት ወጣ፤ የትርፉ ቀዳዳዎች ጠበዋል፣ ፊቱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ይታያል፣ ከምድጃውም ብረት ብረት የሚል ጣፋጭ ሽታ ቀስ እያለ ይወጣል። ሽታውን ከአባቷ ጓሮ ታውቀዋለች። ትርፉን ክብ በመሣሪያ ስትመረምረው፣ ውስጡ እርሳስ ነበር።

ምድጃውን ፍቃ አጠበች፣ አዲስ ዱቄት ከፈተች፣ ሙቀቱን ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አደረገች። ቀኑን ሙሉ ከወፍራሙ በር ጀርባ፣ ጡቡ ሲግል ነው ብላ ራሷን ብታሳምንም፣ እንደታፈነ ሳል ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። ዐሥራ ሦስተኛው ሲወጣ አንዲት ቀዳዳ አልነበረውም፤ ሲያንኳኩት እንደ ቃጭል ጠራ፤ ኤሌክትሪክ በማጠራቀምም ሲለካ ከሁሉም የላቀው እሱ ሆነ። የአባቷ ሰፊ አውራ ጣት ትዝ እያላት የራሷን ጣት አሻራው ላይ አሳረፈች። ልክ ገጠመ።

«ዶክተር» አሉ ጋሽ ደባልቄ፣ ፊቷን ትክ ብለው እያዩ፣ «ድድሽ ምን ሆነ? ጠቁሯል እኮ።»

ሁሉን ጥላ ወደ ግቢው ሮጠች። ውጭ ፀሐይ ነው፣ ነፋሱም ንጹሕ ነው፤ ያ ጣፋጭ ሽታ ግን ትንፋሿን ስትይዝ ይጠፋል፣ ስታስወጣ ይመለሳል።